ለጋዜጣ የሚሆን የፖለቲካ ካርቱን አሠራር፦ ከዜናው እስከ ማተሚያ ቤቱ

«ሐሳብ ሞልቶኛል፣ መሣል ግን አልችልም» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። «መሣል እችላለሁ፣ ሐሳብ ግን አይመጣልኝም» የሚሉም አሉ። ለዚህ ሥራ የሚቀርቡት የፊተኞቹ ናቸው። እጅ በልምምድ ይፈታል። የሚናገረው ነገር የሌለው ሰው ግን የቱንም ያህል አሳምሮ ቢሥል ሥራው የገጽ ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል። ጋዜጦች ካርቱኑን ብዙ ጊዜ ከርዕሰ አንቀጹ አጠገብ፣ አስተያየት ገጽ ላይ የሚያስቀምጡት በከንቱ አይደለም። ካርቱን አስተያየት ነው።

ከዚህ በታች ያለው እኔ የምሠራበት ቅደም ተከተል ነው። ሌላው በሌላ መንገድ ሊሄድ ይችላል፣ ጸብ የለኝም። አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንወርዳለን። በመሐል የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ዜናውን እስከ ታች አንብቡ

ርዕሱን ብቻ አንብቦ እርሳስ ማንሳት የጀማሪ በሽታ ነው። ርዕሱን ሁሉም አይቶታል። ካርቱኑ ያለው አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ወይም አምስተኛው አንቀጽ ውስጥ፣ ጋዜጠኛው እንደ ዋዛ ጣል ያደረጋት መረጃ ላይ ነው።

ምሳሌያችን ይህ ይሁን። አንድ ባለሥልጣን አዲስ የመጠጥ ውሃ ፕሮጀክት መረቀ። ሪባን ተቆረጠ፣ ተጨበጨበ፣ ፎቶ ተነሣ። ወረድ ስትሉ ግን ይህ ምረቃ ለዚሁ ፕሮጀክት ሦስተኛው እንደሆነ፣ ውሃውም እስከ ዛሬ እንዳልተለቀቀ ተጽፏል። እዚህ ላይ ቁሙ።

ቀጥሎ መረጃዋን ከሌላ ምንጭ አጣሩ። እውነት ሦስተኛው ነው? ወይስ ሁለተኛው? ካርቱን ያጋንናል እንጂ አይዋሽም። አፍንጫ ማስረዘም ይፈቀዳል፣ ቁጥር ማስረዘም አይፈቀድም። ሁለት ጊዜ የተመረቀውን ሦስት ካላችሁ ባለሥልጣኑ የሚመልሰው ስለ ቁጥሩ ብቻ ይሆናል፤ ውሃው ተረስቶ ይቀራል።

ሌላም አለ። ጋዜጣው መቼ ነው አንባቢ እጅ የሚገባው? ለዕለታዊ ጋዜጣ የዛሬው ዜና ነገም ትኩስ ነው። ሳምንታዊ ከሆነ ግን ዛሬ ያሳቀው ነገር ከአምስት ቀን በኋላ ይበርዳል። ለሳምንታዊ ስትሠሩ ቶሎ የማይፈታ ነገር ምረጡ። ሦስቴ የተመረቀ ደረቅ ቧንቧ ሳምንቱን በሰላም ይሻገራል።

2. አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ይህን ደረጃ የሚዘሉ ብዙ ናቸው። እኔም ለዓመታት ዘልዬዋለሁ፣ ለዚያም ነው ላጲስ ስጨርስ የኖርኩት።

ከመሣላችሁ በፊት የምትሉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ አስፍሩ። «መንግሥት ደካማ ነው» ዓረፍተ ነገር ቢሆንም ለካርቱን አይሆንም፤ ስለ የትኛው መንግሥት፣ ስለ የትኛው ቀን እንደሆነ አይታወቅም። «የውሃ ችግር አለ» ዜና ነው። «የውሃ እጥረት ያሳዝናል» ደግሞ ማንም የማይቃወመው ነገር ነው። ማንም የማይቃወመውን ለመናገር ካርቱን አያስፈልግም።

እኔ ለዚህ ዜና የምጽፈው እንዲህ ነው፦ «ሕዝቡ ውሃ ሲጠይቅ የሚሰጠው ሥነ ሥርዓት ነው።» እዚህ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጋጭተዋል፤ የተጠየቀውና የተሰጠው። ግጭቱ ካለ ሥዕሉ ሩቅ አይደለም። ባለሥልጣኑም «የለም፣ ሥራው ተጠናቋል» ብሎ ሊከራከር ይችላል፣ ስለዚህ አቋም ይዛችኋል ማለት ነው።

ዓረፍተ ነገራችሁ ውስጥ ሁለተኛ ጉዳይ ሾልኮ ከገባ፣ ለምሳሌ «ደግሞም ሙስና አለ» የሚል ከተጨመረ፣ ሁለት ካርቱን ይዛችኋል። አንዱን ለሚቀጥለው ሳምንት አስቀምጡት።

3. ሥዕሉን ፈልጉ

ሰምና ወርቅ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት ቀላል ነው። የጻፋችኋት ዓረፍተ ነገር ወርቋ ናት፤ አሁን የምትፈልጉት ሰሙን ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። ቅኔ የሚሰማ ሰው ራሱን እየነቀነቀ፣ ጊዜ ወስዶ ይፈታል። የጋዜጣ አንባቢ ገጽ እየገለጠ ነው። ወርቁ በሦስት ሰከንድ ካልወጣለት አልፏችሁ ይሄዳል።

ወረቀት ላይ ዜናው ውስጥ ያሉትን ዕቃዎችና ሰዎች በሙሉ ዘርዝሩ። በኛ ምሳሌ፦ ባለሥልጣን፣ ሪባን፣ መቀስ፣ ጭብጨባ፣ ቧንቧ፣ ባልዲ፣ ወረፋ። ከዚያ የክብሪት ሳጥን የምታክል ሣጥን እየሠራችሁ፣ በሳጥኗ ውስጥ ሐሳባችሁን ሞነጫጭሩ። ውበት አያስፈልግም። በሃያ ደቂቃ ውስጥ አሥር ያህል ይወጣችኋል።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት አትመኗቸው። ቀድመው የመጡት ለሁሉም ሰው ቀድመው ስለሚመጡ ነው። የኔ አንደኛ ሸረሪት ድር ያደራበት ቧንቧ ነበር። ሁለተኛው ባለሥልጣኑ ሪባን ሲቆርጥ ባዶ ባልዲ ይዘው የቆሙ ሰዎች። ሦስተኛው ቤት የሚያክል መቀስ። ሦስቱም አይዋሹም። ሦስቱንም ግን የሆነ ቦታ አይታችኋቸዋል። የሚሰምጥ መርከብ፣ የቼዝ ጨዋታ፣ ገመድ ላይ የሚሄድ ሰው፣ የተዛባ ሚዛንም እንደዚሁ ናቸው። ብዙ ሰው ስለተገለገለባቸው ስለታቸው አልቋል። ድሮ ግን ስለታም ነበሩ። እንግሊዛዊው ካርቱኒስት ጆን ቴኒኤል በ1890 የጀርመኑ ቻንስለር ቢስማርክ ከሥልጣን ሲነሳ እንደ አሮጌ መርከብ መሪ መሰላል ሲወርድ፣ ወጣቱ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም ደግሞ ከላይ ሆኖ ሲያየው ሥሎታል። መርከቡ አልሰጠመም፤ መሪው ብቻ ወረደ። ቀሪውን ፍርሃት ለአንባቢው ተወው።

ሐሳብ አልመጣ ካላችሁ በቅርጽ የሚመሳሰሉ ነገሮችን ፈልጉ። በ1805 እንግሊዛዊው ካርቱኒስት ጄምስ ጊልሬይ የአገሩን ጠቅላይ ሚኒስትር ፒትንና የፈረንሳዩን ናፖሊዮንን ገበታ ላይ አስቀምጦ የምድርን ሉል በቢላ እየቆረጡ ሲካፈሉ ሣለ። ሉልም ገበታ ላይ የሚቀርብ ክብ ነገርም በቅርጽ አንድ ናቸው፤ ሐሳቡ የመጣው ከዚያ ነው። እኛ ጋ ምን አለ? ሪባን ረጅም ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል። ውሃስ? ውሃም ረጅም ነው፣ ይጠማዘዛል፣ ይወርዳል።

መጣ። ቧንቧው ተከፍቷል። የሚወርደው ግን ሪባን ነው። አንዲት ሴት ባልዲዋን ከሥሩ አስቀምጣለች፤ ሪባኑ ባልዲው ውስጥ እየተጠቀለለ ይሞላል። ከኋላ ባለሥልጣኑ መቀሱን ይዞ ጭብጨባ ይጠብቃል። ወደ ዓረፍተ ነገሩ ተመለሱና አመሳክሩ። ውሃ ተጠየቀ፣ ሥነ ሥርዓት ተሰጠ። ልክ ነው።

4. ፊት መሣል

በምሳሌያችን ባለሥልጣኑ ማንም ሊሆን ይችላል። የታወቀ ሰው ስትሥሉ ግን መልኩ መያዝ አለበት። ጀማሪ አፍንጫ ሲያይ አፍንጫ ያስረዝማል። ቁም ነገሩ ያለው ርቀቱ ላይ ነው፤ ከዓይን እስከ ዓይን፣ ከአፍንጫ ሥር እስከ ከንፈር፣ ከቅንድብ እስከ ፀጉር። አሥር ያህል ፎቶ ሰብስቡ። ሲስቅ፣ ሲቆጣ፣ በጎን፣ ከኋላም ጭምር። አያችሁ? አሁን ፎቶዎቹን ዝጉና ከጭንቅላታችሁ ሣሉት። ትዝ ያላችሁ ነገር የሰውየው መልክ ነው፣ የረሳችሁትን ተዉት። አቋቋሙንም አትርሱ። አንዳንድ ሰው ከፊቱ ይልቅ በትከሻው ይታወቃል። ሥዕሉን በሙሉ ጥቁር ቀቡትና ጥላው ብቻ ሲቀር ማን እንደሆነ ካወቃችሁ ይዛችሁታል።

በዚህ ላይ ከፈረንሳዊው ካርቱኒስት ከቻርል ፊሊፖን የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። በ1831 ፓሪስ ውስጥ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን ተሳድበሃል ተብሎ ፍርድ ቤት ቀረበ። እዚያው አራት ሥዕል ሣለ። አንደኛው የንጉሡ ፊት ነው። ሁለተኛው ትንሽ ጉንጩ ወርዷል። ሦስተኛው አናቱ ሾጥጧል። አራተኛው በርበሬም ዱባም አይደለም፣ ጥርት ያለ የፒር ፍሬ ነው። የትኛው ላይ ነው ወንጀሉ የሚጀምረው? ክርክሩ አላዳነውም፣ ተፈረደበት። ፒሯ ግን የንጉሡ መለያ ሆና ቀረች፣ ሰው ፒር በሣለ ቁጥር ንጉሡን አሰበ።

አሁን አንድ ከባድ ነገር። የምታጋንኑት የሰውየውን የራሱን መልክ ይሁን። የቆዳ ቀለሙን፣ የብሔሩን፣ የሃይማኖቱን ወይም የአካል ጉዳቱን ካጋነናችሁ የመታችሁት እሱን ሳይሆን ምንም ያላደረጉ ሚሊዮኖችን ነው። እኔ ራሴን የምጠይቀው «ይህ መልክ የእሱ ነው ወይስ የወገኑ?» ብዬ ነው። ምልክትም እንደዚሁ ነው። ኤፕሪል 2019 የኒው ዮርክ ታይምስ ዓለም አቀፍ እትም ኔታንያሁን ባለ ዳዊት ኮከብ መሪ ውሻ፣ ትራምፕን ኪፓ (የአይሁድ ቆብ) ያደረገ ዓይነ ስውር አድርጎ የሚያሳይ ካርቱን አወጣ። ፖለቲከኛን መተቸት ሌላ፣ የሃይማኖት ምልክት ውሻ አንገት ላይ ማሰር ሌላ። ጋዜጣው ይቅርታ ጠየቀ፤ ከጁላይ ጀምሮም በዚያ እትም ዕለታዊ የፖለቲካ ካርቱን ማውጣቱን አቆመ። የአንዱ ሥዕል ዕዳ ለሌሎቹ ካርቱኒስቶች ተረፈ።

ሌላው አማራጭ የራሳችሁን ቋሚ ገጸ ባሕርይ መፍጠር ነው። ፍልስጤማዊው ካርቱኒስት ናጂ አል አሊ በ1969 የፈጠረው ሐንዘላ ባዶ እግሩን ያለ የአሥር ዓመት ፍልስጤማዊ ልጅ ነው። ከጊዜ በኋላ ጀርባውን ለአንባቢ ሰጥቶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ ብቻ ይቆማል። ምንም አይልም፣ ያያል። እኛ ጋ ባልዲ የያዘችው ሴት በየሳምንቱ ብትመለስ አንባቢ ይለምዳታል።

5. ረቂቁ

ሥዕሉን ከሚታተምበት መጠን አንድ ተኩል ወይም ሁለት እጥፍ አድርጋችሁ ሣሉት። ሲያንስ ትንንሽ ስሕተት ይሸፈናል።

አማርኛ አንባቢ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል፣ ዓይኑም ሥዕል ላይ እንደዚያው ነው። መነሻውን ግራ፣ ዱብ ዕዳውን ቀኝ አድርጉት። እኔ ባለሥልጣኑን ግራ፣ ከኋላ፣ አነስ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ባልዲው ቀኝ፣ ከፊት፣ ትልቅ። ሰው መጀመሪያ መቀሱን ያያል፣ ሪባኑን ይከተላል፣ መጨረሻ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል።

የሴትየዋ ፊት ላይ ብዙ ደክሜያለሁ። መጀመሪያ አስለቀስኳት። ዕንባዋ ሥዕሉን አበላሸው፤ ለአንባቢው ምን እንደሚሰማው የነገርኩት መሰለኝ። ቀጥሎ አስቆጣኋት። እሱም አልሆነም። በመጨረሻ አንድ ቅንድቧን ብቻ አነሣሁ፣ ወደ ባልዲው ትመለከታለች። ለሦስተኛ ጊዜ ያየችው ነገር ስለሆነ አይደንቃትም።

6. ቃላት

በተቻለ መጠን አውጧቸው። እየሰመጠ ያለ ሰው ደረት ላይ «ኢኮኖሚ» ተብሎ ከተጻፈ ሥዕሉ ሥራውን አልሠራም። ኖቬምበር 22 ቀን 1963 ኬኔዲ በተገደለ ዕለት ቢል ሞልዲን ለቺካጎ ሰን ታይምስ የሣለው የሊንከንን ሐውልት ነበር፤ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ ተቀምጧል። አንድም ቃል የለበትም።

ቃል የሚገባው ከሥዕሉ ጋር ሲጣላ ነው። ዴቪድ ሎው በሴፕቴምበር 1939፣ ፖላንድ ለሁለት እንደተከፈለች፣ ሂትለርንና ስታሊንን ሬሳ አስተኝቶ በላዩ ላይ አገናኛቸው። ሁለቱም ባርኔጣ አንስተው በጨዋ ደንብ እጅ ይነሣሣሉ። ከአፋቸው የሚወጣው ግን ስድብ ነው። ሰላምታውን ብቻ ብታዩ ወዳጅነት፣ ቃሉን ብቻ ብትሰሙ ጠላትነት። ሁለቱ ሲገጥሙ ነው የሚያስደነግጠው።

ለኛ አንድ ጽሑፍ ይበቃናል። ከቧንቧው በላይ ያለ ሰሌዳ፦ «ለ3ኛ ጊዜ የተመረቀ»። ያቺ ቁጥር በሥዕል አትነገርም፣ ስለዚህ ትጻፍ።

ጽሑፉን ከሥዕሉ በፊት ጻፉት፣ የንግግር ሣጥኑን በኋላ ክበቡት። ተገላቢጦሽ ከሆነ ፊደሎቹ መጨረሻ ላይ ይጨናነቃሉ። ሆሄያቱንም ሌላ ሰው ያንብብላችሁ። እኔ አንድ ጊዜ «መፍትሔ» ልል «ፍ»ን ዘልዬ «መትሔ» ብዬ አሳተምኩ። አዘጋጁም አላየ፣ እኔም አላየሁ። አንባቢው ግን አየ። ቀኑን ሙሉ የሚደወልልኝ መፍትሔው ጎደሎ ነው እየተባለ ነበር። ስለ ፖለቲካው ያነሣ አንድ ሰው አልነበረም።

7. አዘጋጁ ፊት

ቀለም ከመቀባታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ረቂቅ ይዛችሁ ግቡ። ያለቀ ሥራ ይዞ የገባ ሰው ሲታረም ያኮርፋል። አትተርኩለት። ዝም ብላችሁ ወረቀቱን ስጡትና ፊቱን እዩ። «ምንድን ነው ይሄ?» ካለ አንባቢውም እንደዚያ ይላል።

አዘጋጁ መረጃው ተሳስቷል ካለ ስሙት። ሕግ ይነካናል ካለም ስሙት። አንባቢ በሌላ መንገድ ይረዳዋል ካለ ይበልጥ ስሙት። «እገሌ ይቆጣል» ካለ ግን ተከራከሩ፤ ሥራው እሱ ነው። ቃል ማስተካከል አንድ ነገር ነው፣ ሐሳቡን መገልበጥ ሌላ። የማትስማሙበትን ሐሳብ በስማችሁ አትሣሉ። ጃንዋሪ 2025 ካርቱኒስቷ አን ቴልኔስ ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣን ለቀቀች። የጋዜጣው ባለቤት ጄፍ ቤዞስ ጭምር ያለባቸው ባለሀብቶች ትራምፕ ሐውልት ሥር ተንበርክከው የሚያሳይ ሥዕሏ ውድቅ ተደርጎባት ነው። አዘጋጁ ጉዳዩ ድግግሞሽ ነው አለ፣ እሷ አላመነችም። በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ወሰደች። ሁሉም ሰው መልቀቅ አይችልም፣ የቤት ኪራይ አለ። ቀዩ መስመር የት እንደሆነ ግን ሥራ ስትጀምሩ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስለ ሕግ አንዲት ነገር ልጨምር። ሥዕል «ቀልድ ነው» ስለተባለ ከስም ማጥፋት አያመልጥም። ባለሥልጣን እጁን ካዝና ውስጥ ሲከት ከሣላችሁ «ሰርቋል» ብላችኋል። ማስረጃ አላችሁ? ቸልተኛ ነው ማለት አስተያየት ነው፤ ሌባ ነው ማለት ክስ ነው። የርዕሰ ብሔር ክብር በወንጀል ሕግ የሚጠበቅባቸው አገሮችም አሉ፣ የምትኖሩበትን ሕግ እወቁ። ያነበባችኋቸውን ዜናዎችና ሰነዶች ቀን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

አደጋውን አላቃልለውም። ፈረንሳዊው ካርቱኒስት ዶሚዬ ያንኑ ንጉሥ ሉዊ ፊሊፕን በመሣሉ በ1832 ታስሯል። ናጂ አል አሊ በ1987 ለንደን ውስጥ ተተኩሶበት ሞተ። በ2011 ደማስቆ ላይ ሶርያዊውን ካርቱኒስት ዐሊ ፈርዛትን የያዙት ሰዎች የደበደቡት እጆቹን ነው፣ የት መምታት እንዳለባቸው ያውቁ ነበር። የዛቻ መልእክት ከመጣላችሁ አታጥፉት፣ ኮፒ አድርጋችሁ ለአዘጋጁም ለምታምኑት ሰውም ስጡ። ፈረንሳዊው ካርቱኒስት ፕላንቱና የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ የነበሩት ኮፊ አናን በ2006 የመሠረቱት ካርቱኒንግ ፎር ፒስን የመሰሉ ለካርቱኒስቶች የሚቆሙ ድርጅቶችም አሉ።

8. ቀለምና ፋይል

እዚህ ላይ አጭር ነኝ። ወፍራም ለስላሳ ወረቀት፣ ውሃ የማይለቀው ጥቁር ቀለም፣ ብዕር ወይም ብሩሽ። ታብሌት ከመረጣችሁም ችግር የለም። የጋዜጣ ወረቀት ቀለም እንደሚመጥጥ ግን አትርሱ። ስክሪን ላይ ለየብቻ የሚታዩ ቀጫጭን መስመሮች ሲታተሙ ይገናኛሉ፤ አገጩ ላይ ለጥላ ብላችሁ ያሠመራችሁለት ሰውዬ ጠዋት ጺም አብቅሎ ታገኙታላችሁ። በመስመሮቹ መሐል አየር ተዉ።

መስመር ብቻ የሆነ ሥዕል በሚታተምበት መጠን ቢያንስ 600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ይሁን፣ ግራጫ ጥላ ያለው ወይም ባለ ቀለም ከሆነ 300 ይበቃል። በቲፍ (TIFF) ፋይል አስቀምጡት፤ ጄፔግ (JPEG) ፋይል በተቀመጠ ቁጥር መስመሩ ዳር ላይ አቧራ የመሰለ ነገር ይተዋል። ባለ ቀለም ገጽ ላይ የሚወጣ ከሆነ የመስመሩ ጥቁር ከአራቱ የማተሚያ ቀለማት ድብልቅ ሳይሆን ከጥቁሩ ብቻ የመጣ ይሁን። ማተሚያው ትንሽ ከተዛነፈ ድብልቁ ጥቁር ሁለት ሦስት ጠርዝ ያወጣል። ፊርማችሁን ጥግ ላይ ሳይሆን ከሥዕሉ ጋር አያይዙት፣ ጥግ ላይ ያለውን ገጽ አቀናባሪው ይቆርጠዋል።

ከመላካችሁ በፊት በሚወጣበት መጠን አትሙና ዜናውን ላልሰማ ሰው አሳዩት። በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ።

9. ከታተመ በኋላ

ኦሪጅናሉን አትጣሉት። ከጀርባው ቀኑንና ያቺን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ጻፉበት። ከዓመት በኋላ ሥዕሉ ራሱ ምን እንደነበር ይጠፋባችኋል፣ ዜና ቶሎ ይረሳል።

ተቆጥተው የሚደውሉ ይኖራሉ። አዳምጡ፤ ከመቆጣት ጀርባ አንዳንዴ እውነተኛ እርማት አለ። በጣም የሚያስገርመው ግን ተቆጥቶ የደወለው አይደለም። የሣላችሁት ባለሥልጣን ራሱ «ወድጄዋለሁ፣ ኦሪጅናሉን ልግዛህ፣ ቢሮዬ ልስቀለው» ብሎ የሚደውልበት ቀን አለ። ያን ቀን እኔ ሥዕሉን ከመሳቢያ አወጣና ገልብጬ የጀርባውን ጽሑፍ አነባለሁ። «ሕዝቡ ውሃ ሲጠይቅ የሚሰጠው ሥነ ሥርዓት ነው» ይላል። ከዚያ ገልብጬ ሥዕሉን አየዋለሁ። መቀሱን ትንሽ አሳምሬበታለሁ መሰለኝ።